ከዘጠኝ እስከ ሰባ አምስት ቮልት

ኦገስት 2

ዛሬ ከሳሞስ ሆስፒታል ተመለስን። መርከቡ ላይ የነበረው የመንደራችን ሰው ሁሉ እኛን ላለማየት ባሕሩን ሲመረምር ነው የመጣው፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ ይመስል። ባሌ ስታማቲስ አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ እግሩ ሥር ከመርከቡ ሶኬት የተሰካ የኦክሲጅን መሣሪያ። መሣሪያው ሻንጣ ያህላል፤ እንደ አሮጌ ፍሪጅ ያጉረመርማል። አንዲት ሕፃን አፍጥጣ ብታየው ስታማቲስ ጎንበስ ብሎ፣ «ዝሆን ነኝ፤ ኩምቢዬ ገና እየበቀለ ነው» አላት። እናትየዋ ልሳቅ አልሳቅ ብላ ተጨነቀች።

ከሆስፒታሉ ሳንወጣ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ለብቻው ይዤ፣ «እስከ መቼ?» አልኩት። «እስቲ የሚመጣውን ክረምት እናያለን» አለኝ። እንግዲህ እናያለን ካለ ስታማቲስም ያያል ማለት ነው። እኔ እንደዚያ ነው የገባኝ።

ቤት ገብተን ገና ሳንቀመጥ፣ «ይሄ ነገር ካሊዮፒ ላይ ይሠራል?» አለኝ። ካሊዮፒ ጀልባው ናት። በእናቱ ስም ነው የጠራት፤ እኔም ከተጋባን ጀምሮ ከሁለት አማት ጋር ነው የኖርኩት፣ አንዷ መሬት ላይ፣ አንዷ ባሕር ላይ። የመሬቷ ሞታለች፤ ነፍሷን ይማር።

«ሐኪሙ እረፍት ነው ያዘዘው» አልኩት።

«መረብ መጣል እረፍት ነው። ማውጣቱን ወንድሜ ፓንቴሊስ ያውጣ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ስሚኝ አሲሚና። መከር ገብቶ ቀዩ ዓሣ ባርቡኒ ከወደቡ ፊት ካለው ድንጋይ ጀርባ ሲመጣ አንድ ጊዜ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። መሣሪያው ጀልባ ላይ የማይሠራ ከሆነ ግን ነገውኑ መልሺላቸው። ቤት ተቀምጬ ለመተንፈስማ ምን አስቸኮለኝ!»

እሺ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ኦገስት 5

ፓንቴሊስ መጣ። የስታማቲስ ታናሽ ወንድም ነው፤ በደሴታችን በፉርኒ በእሱ እጅ ያላለፈ የጀልባ ሽቦ የለም። ፀጉሬ ሸብቶም ዛሬም «ሙሽራዬ» ነው የሚለኝ። በእኛ ዘንድ የወንድም ሚስት እስክትቀበር ሙሽራ ናት።

መሣሪያውን ገልብጦ አየው። የራሱ ባትሪ ሞቷል፤ ሆስፒታሉም በቤት ሶኬት ተጠቀሙ ብሎ ነው ያዋሰን። መኪና ላይ የሚሰካበት ገመድ ግን አለው፤ አሥራ ሁለት ቮልት ነው የሚፈልገው። ካሊዮፒ ደግሞ ሃያ አራት ናት፤ ባለ አሥራ ሁለት ሁለት ባትሪዎች ተያይዘው።

«ቀላል ነው» አለ ፓንቴሊስ። «እንደ ሬዲዮው ከአንዱ ባትሪ ብቻ እንሰርቃለን።»

እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ሁለት በሬ ጠምዶ አንዱን ብቻ ማድከም ማለት ነው፤ ግን አባቶቻቸው አድርገውታል፣ ማን ደፍሮ ይናገራል?

ነገ ይሞከራል። ስታማቲስ ኮፍያውን በብሩሽ ሲወለውል አመሸ።

ኦገስት 6

ቆመ። ሞተሩን ሲያስነሡ መሣሪያው ጮኸና ቆመ። የስታማቲስ ከንፈር ጠቆረ። ፓንቴሊስ ይነቅላል፣ ይሰካል። መሣሪያው ተነሣ፤ ግን አየሩ እስኪጠራ ጊዜ ይፈልጋል። እጄን ጨበጠኝ። ይስቃል። በዚያ ሰዓት መሳቅ! ጎረቤታችን ማሪጎ ከወደቡ ግንብ ላይ ቆማ ሁሉን አየች። ማሪጎ ካየች ደሴቱ አየ ማለት ነው።

ኦገስት 7

ትናንት ማታ ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ፓንቴሊስ ራሱን እየወቀሰ መጥቶ አስረዳኝ። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሣት ሲዞር ባትሪውን እንደተራበ ጥጃ ይመጠምጠዋል፤ ቮልቱም ዘጭ ይላል። ሬዲዮ ቢሆን ትንሽ ተንጫጭቶ ዝም ይላል። የሰው ሳንባ ግን ሬዲዮ አይደለም።

«መሃል ላይ የሚቀመጥ ሳጥን አለ፣ ሙሽራዬ። የዲሲ ቮልት መለወጫ። በዚህ በኩል የጀልባዋ ቮልት እየወረደም እየወጣም ይገባል፤ በዚያ በኩል ጸጥ ያለ አሥራ ሁለት ይወጣል። ዋናው ነገር ስፋቱ ነው፤ ስንት ድረስ ሲወርድ፣ ስንት ድረስ ሲወጣ ይችላል የሚለው። እሱን ካልመረጥን ያው የትናንቱ ነው።»

«እኔ እመርጠዋለሁ» አልኩ።

«አንቺ?»

«ለሳሞስ ጋዜጣ በየሳምንቱ ስለ ሰው ጓዳና ስለ ሰው ትዳር የምጽፍ ሴት አንድ ሳጥን መምረጥ ያቅተኛል?»

ስታማቲስ ከውስጥ ጮኸ፦ «ተዋት ትምረጥ! ጨርቅ ስትገዛ አይተሃታል አይደል? ሻጩ ይሸብታል እንጂ እሷ አትሳሳትም!»

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ግን ስስቅ ያየሁት ያንን የጠቆረ ከንፈር ነበር። አሁንም፣ ብዕሩን ሳነሣ፣ እሱን ነው የማየው።

ኦገስት 11

የአቴና ወደብ ፒሬየስ አካባቢ የመርከብ ኤሌክትሪክ የሚሸጥ ፎቲስ የሚባል ሰው ጋ ደወልኩ። ደግ ድምፅ አለው፤ ሲያወራ እያኘከ ነው። ሦስት ዓይነት እንዳለው ነገረኝ፦ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ስድስት፣ ከዘጠኝ እስከ ሠላሳ ስድስት፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ሰባ አምስት።

«እንደርስዎ ላለ ጀልባ ሁሉም ሰው ሁለተኛውን ነው የሚወስደው፣ ወይዘሮ። እስከ ዘጠኝ ቢወርድም አይጠፋም። ዓርብ በሚነሣው መርከብ ልላክልዎ?»

«ላስብበት።»

«ምኑን?»

«ጣሪያውን። ሠላሳ ስድስት ይበቃል ወይ?»

«ሃያ አራት ቮልት ጀልባ ላይ? ወይዘሮ፣ ሠላሳ ስድስት ካለፈማ ሌላ ችግር አለብዎ።»

ላስብበት አልኩና ዘጋሁ። ነገር ካልጠየቁት አይናገርም። እኔ የምጠይቀው ለስታማቲስ ነው።

ኦገስት 15

የእመቤታችን በዓል። ቄሱ ከወጥ ቤታቸው ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ስበው መሣሪያውን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስገቡልን። ስታማቲስ የሾላው ዛፍ ሥር እንደ ጳጳስ ተቀምጦ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ጨበጠው። ጎረምሶቹ «አባባ ስታማቲስ፣ መቼ ነው የምንወጣው?» ሲሉት በአገጩ ወደ እኔ ያመለክታል። «ካፒቴኗን ጠይቁ። ሳጥን እየመረጠች ነው።»

ማሪጎ የፍየል ሥጋ ሳህን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «እኔ ብሆን» አለች፣ እሷ ሁልጊዜ እኔ ብሆን ናት፣ «እኔ ብሆን ከነጭራሹ አላስወጣውም። በሩን እቆልፋለሁ።»

«እኔ እስረኛ አላገባሁም» አልኳት። ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች፤ ማን እንደሰማ ለማረጋገጥ ነው።

ሲጨፈር እግሩን መሬት ላይ ይመታ ነበር፤ ተቀምጦ። ቤት ስንገባ ልብሱን እኔ አወለቅኩለት። ቀሎ ነበር። ሸሚዙ ነው ያልኩት፣ ሸሚዙ ቀሎኝ ነው።

ኦገስት 20

መጠየቄ ልክ ነበር! ይኸው እዚህ ይጻፍ።

ዛሬ ፓንቴሊስ የጀልባዋን ሞተር ሊያናፍስ ወረደ፤ እኛም ወደቡ ላይ ካለው ቡና ቤት ሶኬት መሣሪያውን ሰክተን ከግንቡ ላይ ተቀምጠን እናያለን። ሞተሩ ሲሞቅ ስታማቲስ፣ «ቁልፉን አጥፋው!» ብሎ ጮኸ። የባትሪውን ዋና ቁልፍ ማለቱ ነው። ሞተር ከተነሣ በኋላ ባትሪውን ነጥሎ ማጥፋት የአባታቸው ልማድ ነው፤ ባትሪው እንዳይፈላ፣ እንዲያርፍ ይላሉ። ፓንቴሊስ አጠፋው። ጓዳዋ ውስጥ ያለው አምፖል ቦግ ብሎ ነጭ ሆነና ተቃጠለ።

ሁለቱም ሳቁ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነች» አለ ስታማቲስ። «ካሊዮፒ አምፖል ትበላለች።»

እኔ ግን አልሳቅኩም። ፎቲስ ጋ ደወልኩ። አምፖሉን ስነግረው ማኘኩን አቆመ። «ሞተሩ እየዞረ ባትሪውን ይነጥላሉ? ኧረ በእመቤታችን! ዲናሞው የሚሰጠውን የሚቀበለው ያጣል እኮ። ቮልቱ ስድሳም ሰባም ሊወጣ ይችላል። ሠላሳ ስድስቱ ሳጥን እንደዚያች አምፖል ነው የሚሆነው።»

በዚያን ዓርብ ቢላክ ኖሮስ? ባሕር መሃል ላይ? እግዜር ነው ያዘገየኝ።

ለስታማቲስ ስነግረው፣ «ታዲያ ቁልፉን አልነካውም» አለ። እንዲህ በቀላሉ።

ኦገስት 29

ሦስተኛው አማራጭ ከአሥራ ስምንት እስከ ሰባ አምስት ነው። ላይኛውን ይችላል። ፓንቴሊስ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ይዞ ሞተሩን ሲያስነሣ ግን ቁጥሩ ወደ አሥራ አራት ወረደ። እሱም አይሆንም ማለት ነው። አንዱ ለጎርፉ ነው፣ አንዱ ለድርቁ። ሁለቱንም የሚችል የለም።

ፓንቴሊስ ቴስተሩን ኪሱ ከተተና አየኝ። «ፊትሽ በራ እኮ፣ ሙሽራዬ።»

ፀሐይ ነው አልኩት።

ሴፕቴምበር 1

ለጋዜጣው ስለ በለስ አደራረቅ ጻፍኩ። አዘጋጁ ደውሎ፣ «የእርስዎን ገጽ ሳነብ ቤቴ ያለሁ ይመስለኛል» አለኝ። ስታማቲስ ደረጃ መውጣት ትቷል፤ አልጋውን ወደ ሳሎን አወረድነው። ከመስኮቱ ጀልባዋ ትታያለች፤ ለዚህ ነው ያወረድነው።

ሴፕቴምበር 5

ዛሬ ፓንቴሊስ ተቆጣ። ፓንቴሊስ ሲቆጣ አይጮህም፤ የማይገናኙ ነገሮችን ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። ጨው፣ ሹካ፣ የዳቦ ፍርፋሪ።

«ባለ ሠላሳ ስድስቱን እናምጣ። የቁልፉን እጀታ እኔ ራሴ ነቅዬ ባሕር እጥለዋለሁ። በቃ፤ የሚጠፋ ነገር የለም፣ የሚነድ ነገር የለም።»

«እጀታ ቢነቀል በፒንሳ ያጠፋዋል። እጁን አታውቀውም?» አልኩት።

ስታማቲስ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አየው፤ እንደ ሰው ዕቃ። «በእናቴ አጥንት እምላለሁ፣ አልነካም።»

«አንተ አትነካም። እጅህ ይነካል። ከልጅነትህ ጀምሮ የነካ እጅ ነው።»

«እሺ» አለ ፓንቴሊስ፣ «የመሣሪያውን የራሱን ባትሪ እናስቀይር።»

«ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚይዘው። እሱ አንድ ሰዓት ብሎ ወጥቶ ያውቃል?»

«እኔ አብሬው ነኝ!»

«ያን ቀንም አብረኸው ነበርክ።»

ሹካውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ ተነሥቶ ወጣ። አፌን ቁርጥ ያድርገው። ይህን ማለት አልነበረብኝም። ግን ውሸት ነው? ውሸት አይደለም።

ስታማቲስ ለረጅም ጊዜ ካየኝ በኋላ፣ «ጨርቅ ስትገዢ ነው የምትመስይው» አለኝ። ከዚያ አይኖቹን ጨፈነ።

ሴፕቴምበር 6

ፎቲስ ጋ ደወልኩ። ካለህ ሁሉ ሰፊውን ንገረኝ አልኩት።

«ወይዘሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጀልባ ነው ወይስ ሮኬት?»

«ጀልባ ነው። ባሌ ነው።»

 ድምፁን አለስልሶ፣ ለባቡር የሚሠሩ እንዳሉ ነገረኝ። ባቡር ላይ ቮልቱ እንዳሻው ስለሚወጣና ስለሚወርድ ከዘጠኝ እስከ ሰባ አምስት የሚችል አለ። ግን ሱቅ ውስጥ አይቀመጥም፤ ፋብሪካው ሲታዘዝ ነው የሚልከው። ምናልባት የኦክቶበር መጨረሻ።

«አይቸኩሉም አይደል?» አለ።

«አልቸኩልም» አልኩት። ይዘዝ አልኩት። ዛሬ በታላቅ ሰላም እተኛለሁ።

ሴፕቴምበር 14

የመስቀል በዓል፤ በግሪክ ዛሬ ነው። የእኛ ዓሣ አጥማጆች ከሸራ ጀልባ ዘመን ጀምሮ «በመስቀል አማትብና ጀልባህን እሰር» ይላሉ። ከዚህ ቀን በኋላ ባሕር አይታመንም ነው። አሁን በሞተር ዘመን ማንም አያስርም፤ ክረምቱን ሙሉ ይወጣሉ። እኔ ግን ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠኝን በሶብላ ይዤ ወርጄ ካሊዮፒ ላይ አሰርኩላት፣ ገመዷንም በሌላ ገመድ ደረብኩላት። ስታማቲስ በመስኮት ያይ ነበር።

«ገመድ ጨመርሽ» አለኝ ስመለስ።

«መስቀል ነው» አልኩት።

«ልክ ነሽ፣ መስቀል ነው» አለ።

ሴፕቴምበር 27

ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ነበርኩ፣ ከዱቄት ጆንያው ጀርባ፤ አላዩኝም። ማሪጎ ናት፦ «ባሏን በአንድ ሠርግ ላይ አይታ በማግስቱ የመረጠች ሴት ሳጥን ለመምረጥ በጋውን ጨረሰችው!» ባለ ዳቦዋ ሳቀች። «ምናልባት ከባሏ ተምራ ይሆናላ፤ ተጣድፋ መርጣው!» ሁሉም ሳቀ። ከዚያ አንዷ፣ ማን እንደሆነች አላየሁም፣ ቀስ ብላ፣ «ሳጥኑ እስኪመጣ ሰውየው አለ፤ ምን ታድርግ» አለች። ማንም አልሳቀም።

ዳቦ ሳልገዛ ወጣሁ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ሰው ሥራ ሲፈታ ነው እንዲህ የሚያወራው።

ኦክቶበር 3

ባርቡኒው መጥቷል። ጎረምሶቹ ከድንጋዩ ጀርባ አጥምደው በላስቲክ ሙሉ አመጡልን፤ ገና የሚያብለጨልጭ። ጠበስኩለት። አንዱን አንሥቶ ዓይኑን፣ ጅራቱን አየ፣ «ከደቡብ በኩል ነው የጣሉት፤ ከሰሜን ቢጥሉ የሚበልጥ ያገኙ ነበር» አለ። ሳይበላ መለሰው። ድመቷ በላችው።

ኦክቶበር 9

ሐኪሙ ስልክ ላይ መሣሪያውን ከፍ አድርጉት አለ። አደረግነው። ከዚህ በላይ ከፍ የሚልበት የለውም።

ፎቲስ ጋ ደወልኩ፤ ፋብሪካው እያሸገ ነው አለኝ። «ላፋጥነው?» ሲለኝ አፌ ላይ አዎ መጣ፣ እውነቴን ነው፣ መጣ። ከዚያ ግን ፎቲስ ራሱ ሰውን ማስቸገር አልወድም በሚል ድምፅ ስለጠየቀኝ፣ እንደ ደንቡ ይምጣ አልኩት። አንድ ሳምንት ምን ለውጥ አለው?

ኦክቶበር 13

ልብስ ላሰጣ ሰገነት ላይ ነበርኩ። ወንድማማቾቹ ከታች፣ መስኮቱ ሥር። ፓንቴሊስ እንዲህ አለ፦ «ባለ ሠላሳ ስድስቱን ከሳሞስ አምጥቼዋለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ነገ ጧት ሳትሰማ እገጥመዋለሁ፤ እንወጣለን። አንተ ብቻ እሺ በለኝ።»

ስታማቲስ ለመመለስ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። እኔም ሰገነት ላይ የእሱን ሸሚዝ ይዤ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ተዋት፣ ወንድሜ» አለ። «እሷ እየመረጠች ነው የምታድረው። ምርጫው ካለቀባት ምን ታድርግ?»

«አንተስ?»

«እኔ ድንጋዩን አውቀዋለሁ። ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ።»

ፓንቴሊስ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሸሚዙን አሰጣሁት። ነፋስ ስላልነበረ ሳይደርቅ ቀረ።

ማስታወስ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እኔ ባለ ሠላሳ ስድስቱን የተውኩት ስለሚነድ ነው። ስለሚነድ።

ኦክቶበር 20

ደረሰ። ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቅነው ነገር የሲጋራ ፓኮ ነው የሚያህለው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ጥርሳም ብረት። ስታማቲስ መዳፉ ላይ አስቀምጦ መዘነው። «ሁሉን ይችላል የተባለው ይሄ ነው?» አለ። «ታዲያ እሱን አፍንጫዬ ላይ አትገጥሙትም?»

ስቄ ስቄ ወጥ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ።

ኦክቶበር 23

ፓንቴሊስ ገጠመው። ከአንድ ባትሪ መስረቅ የለም፤ ከሁለቱም፣ በደንቡ። ፊውዝም አስገባለት። መሣሪያውን ከነጉርምርምታው አወረድነው፤ ስታማቲስ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በምትይዝ ትንሽ የኦክሲጅን ጠርሙስ ቤት ቆየ፣ ማሪጎ አጠገቡ ተቀምጣ፤ የዚያን ያህል ዝም ብላ አታውቅም ብሎ ነገረኝ በኋላ።

ሞተሩን አስነሡ። የሳጥኑ አረንጓዴ መብራት አልተርገበገበችም። ፓንቴሊስ አየኝ፣ እጁን ወደ ዋናው ቁልፍ ላከ፣ አጠፋው። ጓዳው ውስጥ አምፖሏ ቦግ ብላ ተቃጠለች። አረንጓዴዋ ግን አልተርገበገበችም። መሣሪያው አልጮኸም።

«ትክክለኛውን ነው የመረጥሽው፣ ሙሽራዬ» አለኝ። ሲናገረው ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ነበር።

ኦክቶበር 26

የቅዱስ ዲሜጥሮስ ቀን። በዚህ ሰሞን ብርዱ ከመግባቱ በፊት አየሩ ይመለሳል፤ ትንሹ በጋ እንለዋለን።

ጎረምሶቹ በወንበር ተሸክመው አወረዱት። ኮፍያውን አድርጓል። ካሊዮፒ ላይ፣ መሪው አጠገብ፣ ከነወንበሩ አስቀመጡት። መሣሪያው ሳጥኑ ላይ ተሰካ። ራሱ ነው ሞተሩን ያስነሣው፤ በአንድ ጣት። አልቆመም፣ አልጮኸም፣ ከንፈሩም አልጠቆረም። ሞተሩ ሲሞቅ ቀኝ እጁ ራሱን ችሎ ሄዶ ዋናውን ቁልፍ አጠፋው። ያኔ አየኝ፤ እንደተያዘ ልጅ ሳቀ። «እጄን አውቀሽዋል» አለኝ።

ፓንቴሊስ የፊቱን ገመድ ፈታ። የኋላው በእኔ በኩል ነበር፣ ግንቡ ላይ፤ ያ የደረብኩት። ሁሉም ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ጎረምሶቹ፣ ማሪጎ፣ የቡና ቤቱ ሰዎች።

«ፍቺው፣ አሲሚና» አለ።

«ነፋስ እየመጣ ነው» አልኩ። «የሰሜን ነፋስ።»

 ፓንቴሊስ አፉን ከፈተ፤ ስታማቲስ እጁን አነሣበት። ወደ ድንጋዩ አየ። ለረጅም ጊዜ ነው ያየው። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«አዎ፣ እየመጣ ነው» አለ። «ልክ ነሽ። ሌላ ቀን።»

ሞተሩን አጠፋ። እኔ ነፋስ መስሎኝ ነበር። አንገቴ ላይ ብርድ ተሰምቶኛል።

ኖቬምበር 4

ዝናብ። ዛሬ እውነተኛ የሰሜን ነፋስ ነው፤ መስኮቱ ይንኳኳል። «አየህ?» አልኩት። እጄን ሳመኝ።

ኖቬምበር 12

ለጋዜጣው አልጻፍኩም። አዘጋጁ የድሮውን የበለስ ጽሑፍ መልሶ አወጣው።

ኖቬምበር 19

ጧት። እጁ እጄ ውስጥ ነበር፤ ቀዝቅዞ። መሣሪያው ግን አልቆመም፤ ያጉረመርም ነበር፣ ቱቦው ውስጥ አየሩን እየላከ፣ እየላከ። ፓንቴሊስ መጥቶ አጠፋው። እኔ ማጥፊያው የት እንደሆነ ጠፋኝ።

ዲሴምበር 2

የሆስፒታሉ ሰዎች መሣሪያውን ወሰዱ። ቤቱ ጸጥ አለ። ፓንቴሊስ መለወጫውን ነቅሎ ለሌላ ጀልባ ሊያደርገው ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ይጠቅማል አለ። ይቆይ አልኩት። አልተከራከረኝም።

ዲሴምበር 6

ቅዱስ ኒቆላዎስ፤ የባሕረኞች በዓል። ጀልባው ሁሉ ባንዲራ አውጥቶ ቄሱ ጠበል ሲረጩ ዋሉ። ሰው ሲበተን ወደ ካሊዮፒ ወረድኩ። ጓዳዋን ጠረግኩ፣ የደረቀውን በሶብላ ጣልኩ። ሞተሩን አስነሣሁ፤ እሱ ሲያስነሣ እንዳየሁት። ሞተሪኖው አቃሰተ፣ ተነሣ። አረንጓዴዋ መብራት አለች። ሲሞቅ ዋናውን ቁልፍ አጠፋሁት፤ የእሱ እጅ የለመደውን እጄ አደረገው። አለች። ምንም የተሰካ ነገር የለባትም፤ ግን አለች።

ማሪጎ ከግንቡ ላይ ቆማ ታየኛለች። «አሲሚና! ሞተሩ ከተነሣ እስከ ድንጋዩ ድረስ ወጣ ብለሽ ተመለሺ እንጂ። ፓንቴሊስን ልጥራልሽ? ባሕሩ እኮ እንደ ዘይት ረግቷል!»

«ነፋስ አለ» አልኳት።

ማሪጎ ባሕሩን አየች። ባንዲራዎቹን አየች፤ ሁሉም ሳይነቃነቁ ተንጠልጥለው ነበር። እኔን አየች። ከዚያ ማንንም ሳትጠራ ወደ ቤቷ ሄደች።